ቁጥሩን ሁለት ሰው ያነባል

ሥራ የጀመርኩ ቀን አስቀጣሪው ኤጀንሲ የነገረኝ «ሣጥን ማውረድ ነው» የሚል ብቻ ነበር። ቶሮንቶ፣ ሬክስዴል በሚባለው ሰፈር ውስጥ፣ አውሮፕላን ዝቅ ብሎ በሚያልፍበት በኩል፣ ስም ያልተጻፈበት የመጋዘን በር አንኳኳሁ። አንዱን ሣጥን ከመኪናው ሳወርድ ክዳኑ ተንሸራተተና ውስጡን አየሁት። ጠመንጃ! አንድ ሣጥን ሙሉ ጠመንጃ! «በስመ አብ! የት ነው የላኩኝ?» ብዬ ሣጥኑን አስቀመጥኩና ሁለት እጄን ወደ ላይ አነሳሁ።

አንድ ሸበቶ ሰውዬ ከበሩ ላይ ሆነው ሳቁብኝ። «እጅህን አውርድ፤ ማንም አልያዘህም» አሉኝ። ሚስተር ራልፍ ነበሩ፣ የግምት ክፍሉ ኃላፊ። ስሜን ብቻ ጥራኝ ቢሉኝም አባቴ የሚሆኑትን ሰውዬ «ራልፍ» ማለት አፌ እምቢ ስላለኝ እስከ መጨረሻው ሚስተር ራልፍ አልኳቸው።

ቤቱ የሚሠራው እንዲህ ነው። አንድ አሮጌ አዳኝ ይሞታል። ልጆቹ ቤዝመንት ሲያጸዱ ጠመንጃውን ያገኙና ምን እንደሚያደርጉት ይጨንቃቸዋል። ወደ እኛ ያመጡታል፤ እኛ ምንነቱን፣ የተሠራበትን ዘመንና ዋጋውን አውቀን ለሰብሳቢ እንሸጥላቸዋለን። አብዛኛው በሌቨር የሚሠራ ነው። ከምላጩ በታች ያለውን የብረት ቀለበት ወደ ታች ገፍተህ ስትመልሰው ያገለገለውን ቀለህ ይተፋና አዲስ ጥይት ያጎርሳል። የዚህ አገር ሰው በሌቨር ጠመንጃ ሚዳቋ ያልገደለ አያት ያለው አይመስለኝም።

እኔ አዲስ አበባ ፒያሳ ማኅተም ቀራጭ ነበርኩ። በብረት ላይ የተመታ ፊደል ለእኔ አዲስ ነገር አይደለም። ይህንን በምሳ ሰዓት ስነግራቸው ሚስተር ራልፍ ማጉያ መነጽር ሰጡኝና «እስቲ ከዚህ ላይ ያለውን አንብብልኝ» አሉ። አነበብኩ። በሚቀጥለው ሳምንት ሣጥን ማውረዱን ሌላ ሰው ያዘው፤ እኔ ቤዝመንት ወረድኩ። እዚያው ቀረሁ።

አሁን ለእናንተ ለአዲሶቹ ሠራተኞች ሥራውን ልንገራችሁ። የድሮዎቹ ፋብሪካዎች ዓመተ ምሕረት አይጽፉም፤ ቁጥር ነው የሚመቱት። ቁጥሩ ከየት እስከ የት በየትኛው ዓመት እንደተሠራ የታወቀ ነው። ግን አትቸኩሉ። ቁጥሩ ተመትቶለት ብረቱ መደርደሪያ ላይ ቆይቶ ከዓመታት በኋላ የተገጣጠመ አለ። አሠራሩን ሲያሻሽሉ ከቁጥሩ ኋላ ፊደል የጨመሩም አሉ። ፊደሉን የዘለለ ሰው ዘመኑን ይስታል።

ቁጥሩ ያለበት ቦታም እንደ ሞዴሉ ነው። አንዳንዱ ላይ ምላጩን ከያዘው ከመሃል ብረቱ ሆድ ሥር ወደፊት በኩል ነው። ብዙዎቹ የቆዩት ላይ ደግሞ ጭራው ላይ ታገኙታላችሁ። ጭራ የምንለው ከመሃል ብረቱ ተነስቶ ወደ ሰደፉ እንጨት የሚዘልቀውን ምላስ ነው። ደብዝዞ ከሆነ ጠመኔ አሹበት፤ ባትሪውን ከላይ ሳይሆን ከጎን አብሩበት፤ ጥላው ቁጥሩን ያወጣዋል። በሽቦ ብሩሽ የነካ ሰው ግን ከእኔ ጋር አይሠራም።

መጀመሪያ ሰሞን እኔም ጉድ ሠርቻለሁ። እንጨቱን ስፈታ ጭራው ጎን ላይ አጭር ቁጥር አገኘሁና «ይኸው፣ በጣም ጥንት የተሠራ ነው!» ብዬ ደረጃውን እየሮጥኩ ወጣሁ። ሚስተር ራልፍ አይተው «እሱ የመገጣጠሚያ ቁጥር ነው» አሉ። ሠራተኞቹ ብረትና እንጨት እንዳይቀላቀልባቸው የሚመቱት የራሳቸው ምልክት ነው፤ ዘመኑን ከሚነግረን ከሲሪያል ቁጥሩ ጋር አይገናኝም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። ያን ቀን አፍሬ ምሳዬንም በቅጡ አልበላሁም።

የቤቱ ትልቁ ሕግ ደግሞ ይህ ነበር፤ ማንኛውንም ቁጥር ሁለት ሰው ያነባል። አንዱ ጮክ ብሎ ያነባል፤ ሌላው ጠመንጃውን ተቀብሎ በራሱ ዓይን አይቶ ደግሞ ያነባል። ከተስማማ ይጻፋል። ካልተስማማ እንደገና ጠመኔ፣ እንደገና ባትሪ። ለአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ የተባለው ለዚህ ነው ብዬ ለሚስተር ራልፍ ተርጉሜላቸው ወደዱት። ለደንበኛ ሁሉ ይሉት ጀመር፤ አማርኛውን እንኳ ለማለት ይሞክሩ ነበር፤ ምላሳቸው ግን «መድኃኒቱ» ላይ ይያዛል።

ሕጉ ዝም ብሎ የወጣ አይደለም። በካናዳ ሕግ በፈረንጆች ከ1898 በፊት የተሠራና የጥይቱ ዓይነት የተፈቀደ ረጅም ጠመንጃ እንደ ጥንታዊ ዕቃ ይታያል፤ ገዢው ፈቃድ አይጠየቅም። ከዚያ በኋላ የተሠራ ከሆነ ያለ ፈቃድ መያዝ ወንጀል ነው። አንዲት አኃዝ ስትሳሳቱ ምንም የማያውቅ ሰው እስር ቤት ልትከቱ ትችላላችሁ።

ቤዝመንቱ መስኮት የለውም። ከላይ የድርጅቱ ባለቤት ሚስ ካረን ቢሮዋ ውስጥ አለች፤ እሷ ስልክና ደንበኛ ነው ሥራዋ። ከታች እኔና ሚስተር ራልፍ ብቻ ነን። ማታ ባስ ይዤ ወደ አፓርታማዬ እሄዳለሁ፤ ቁልፉን ከፍቼ ስገባ የሚቀበለኝ የፍሪጁ ድምፅ ነው። እህቴ ስፖንሰር አድርጋ አምጥታኝ እሷ ለባሏ ሥራ ወደ ኤድመንተን ተዛወረች። እኔ ቀረሁ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ሐበሻ ወደሚበዛበት ዳንፎርዝ ወጥቼ ጓደኛዬን ሙሉጌታን አገኘው ነበር። ታክሲ ነጂ ነው፣ አፉ አያርፍም። «መጣ ደግሞ የሙታን ግምጃ ቤት ኃላፊ!» እያለ ያስቅብኝ ነበር። «ስማ እንጂ፣ ሰው ቶሮንቶ መጥቶ ኮምፒውተር ይማራል፤ አንተ የፈረንጅ አያቶችን ጠመንጃ ትቆጥራለህ?» እስቃለሁ። ግን ስለ ሥራዬ አንድ ነገር ልነግረው ስጀምር ዓይኑ ወደ ስልኩ ይሄዳል። ማን ይፈርድበታል? ስለ ጭራና ስለ ጠመኔ ማን መስማት ይፈልጋል።

ስለዚህ እውነቱን ልናገር፤ በሳምንቱ ውስጥ ከእኔ ጋር በእርግጥ የሚነጋገረው ሰው ሚስተር ራልፍ ብቻ ነበሩ። ንግግሩም ቁጥር ነው። እኔ «አራት፣ ዜሮ፣ ሰባት» እላለሁ፤ እሳቸው ቆየት ብለው በዚያ በሻከረ ድምፃቸው «አራት፣ ዜሮ፣ ሰባት» ይላሉ። አትሳቁብኝ። የምታየውን የሚያይልህ ሰው ሲኖርህ ቀኑ ይገፋል።

ድሮ በተራ ነበር የምናነበው፤ አንዱን እሳቸው ይጀምራሉ፣ አንዱን እኔ። ቆይቶ «አንተ ጀምር፤ ዓይንህ ወጣት ነው» አሉኝ። ቆይቶ ደግሞ «አንተው ጻፍ፤ ጽሕፈትህ ያምራል» አሉ። እኔ ሞኙ እንደ ሹመት ቆጠርኩት! ለእህቴ ደውዬ ጉራ ሁሉ ነዝቻለሁ።

አንድ ረቡዕ አንድ ያረጀ ጠመንጃ ሠራን። ቁጥሩ ክፉኛ ደብዝዟል። ሦስተኛዋን አኃዝ «ሦስት» ብዬ አነበብኩ። ሚስተር ራልፍ ተቀበሉኝ፤ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቀሉ፤ መብራቱ ሥር አዟዟሩት፤ «ሦስት» አሉ። በዚያ ሞዴል ሦስት ከሆነ ከ1898 በፊት የተሠራ፣ ጥንታዊ ነው፤ ከሦስት ካለፈ ግን ፈቃድ ያስፈልገዋል። ገዢው ከሰሜን በኩል የሚመጣ ወጣት ነው፤ ፈቃድ የለውም፤ ቤቱ ግድግዳ ላይ ሊሰቅለው ነው የፈለገው። ዓርብ ከሰዓት መጥቶ ሊወስደው ተቀጠረ።

ሐሙስ ጠዋት ለፎቶ ሳዘጋጀው የሰደፉን ብረት ፈታሁ። ያ ፋብሪካ ቁጥሩን በሰደፉ እንጨት ላይም ይደግመዋል፤ እንጨቱ ላይ ያለው ደግሞ ብረት ስለሚሸፍነው አይበላም። ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ስምንት። ወደ ብረቱ ተመለስኩ። ባትሪውን ከሌላ ጎን አበራሁ። ስምንት ነው። ግራው ጎኑ ተበልቶ ነው ሦስት የመሰለኝ።

እኔ መሳሳቴ አልደነቀኝም፤ ሰው ነኝ። ያስደነገጠኝ እሳቸው ናቸው። በዚህ ሥራ አርጅተዋል። ሁለት ሰው እንዴት አንድ ዓይነት ስህተት ያያል? ከዚያ አንድ ጥርጣሬ መጣብኝ። ባላሰብኩት ምን ነበረ! ግን አሰብኩት።

የሚቀጥለውን ጠመንጃ አነሳሁ። ቁጥሩ ትናንት የተመታ ይመስል ጥርት ያለ ነው፤ ሕፃን ልጅ ያነበዋል። ሁለት፣ አምስት፣ አንድ ብሎ ይጀምራል። እኔ ጮክ ብዬ «ሁለት፣ አምስት፣ ዘጠኝ» አልኩ። ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን ሰቀሉ። መብራቱ ሥር አዟዟሩት። እኔ «አይደለም በሉኝ፤ በእግዚአብሔር አይደለም በሉኝ» እላለሁ በልቤ።

«ሁለት፣ አምስት፣ ዘጠኝ» አሉ።

ጠመንጃውን ከእጃቸው ተቀበልኩና አስቀመጥኩት። «ሚስተር ራልፍ፣ ዘጠኝ አይደለም፣ አንድ ነው» አልኳቸው። ከላይ አውሮፕላን አለፈ። «ከመቼ ጀምሮ?» አልኳቸው።

«መሃል መሃሉ ጠፍቶብኛል» አሉ። «አንተን ሳይህ ጆሮህንና ትከሻህን ነው የማየው፤ ፊትህ የለም። ሐኪሙ አይመለስም ብሎኛል። ከቆየ ቆይቷል።»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ብነግርህ ካረን ቤት ትልከኛለች። ሚስቴ ከሞተች ወዲህ ቤት ውስጥ ምን አለ? እዚህ ቢያንስ አንተ አለህ። አንተ ደግሞ አትሳሳትም። ደግሜ ማለት ብቻ ነበር የቀረኝ።»

ተናደድኩ። ዋሽቼ ምን አደርጋለሁ፤ ደሜ ፈላ። ያን ሁሉ ጊዜ ሁለት ነን ብዬ እተማመናለሁ፤ ለካስ ብቻዬን ነበርኩ! የራሴን ድምፅ ነበር መልሼ የምሰማው። ከንዴቱ ሥር ደግሞ ፍርሃት ነበር። ይህ ሰውዬ ከሄደ እኔ ከማን ጋር ነው የምውለው?

«እስከ ገና ብቻ ታገሠኝ» አሉ። «የዚህን ጠመንጃ ቁጥር አስተካክል፤ ከእንግዲህ እያንዳንዱን ሁለቴ አንብብ። ማን ያውቃል?»

እሺ ልል ምንም አልቀረኝም። ቃሉ ምላሴ ላይ ነበር። ግን መደርደሪያው ላይ ያሉትን አየሁ፤ የሄዱትንም አሰብኩ። ያ ወጣት በእኛ ወረቀት ተማምኖ የረቡዑን ጠመንጃ ሊወስድ ነበር። ስንቱ ወስዷል? «አይሆንም፣ ሚስተር ራልፍ። እርስዎ ይንገሯት፤ ካልሆነ እኔ እነግራታለሁ። እርስዎ ቢነግሯት ይሻላል» አልኳቸው።

ጃኬታቸውን ለበሱ። ደረጃውን በእጃቸው እየዳበሱ ወጡ። እንዴት እስከዚያ ቀን አላየሁም? ሁሌም ነበር እየዳበሱ የሚወጡት።

ሚስ ካረን አልጮኸችባቸውም። ወጣቱን ደውላ አስቀረችው። መጋዘኑን ዘግተን ሁሉንም ጠመንጃ እንደገና አነበብን፤ ከሌላ ቅርንጫፍ አንዲት ጎበዝ ልጅ አመጣችልኝ፣ ፕሪያ የምትባል። ከተሸጡት ውስጥም ስህተት ተገኘ፤ ለገዢዎቹ ተደውሎ ተነገራቸው፤ የተመለሰም አለ። ሚስተር ራልፍን ልጃቸው ቫንኩቨር ወሰደቻቸው። ሲሄዱ እጄን ያዙና ወደ ጆሮዬ እያዩ «ፊትህን ረስቼዋለሁ፤ ድምፅህን ግን አውቀዋለሁ» አሉኝ። ደረጃው ሥር ቆሜ አለቀስኩ። ማንም አላየኝም።

አዲሱን አሠራር ያወጣሁት እኔ ነኝ። እኔ በቤዝመንቱ ክፍል አነባለሁ፤ ቁጥሩን በወረቀት ጽፌ አጥፌ አስቀምጣለሁ። ከዚያ ጠመንጃው ፕሪያ ወዳለችበት ክፍል ይሄዳል። በሩ ዝግ ነው። እሷም የራሷን ትጽፋለች። ወረቀቶቹን ከላይ ሚስ ካረን ታመሳክራቸዋለች። በዚህ አሠራር ስህተት ሲኖር ከመሸጡ በፊት ይያዛል፤ የእኔም ተይዞ ያውቃል።

ከፕሪያ ጋር ጠዋት ሰላም እንባባላለን፤ ወደ ቤት ስንሄድ ደግሞ ቻው። በመሃል ያለው ዝምታ ነው። አንዳንዴ ቁጥር ሳነብ ልማድ ሆኖብኝ ድምፄን አወጣዋለሁ፤ ከዚያ ራሴን ዝም አሰኛለሁ፤ በሩ ቀጭን ነው፣ ትሰማኛለች።

ሁለተኛው አንባቢ የመጀመሪያውን ድምፅ ሳይሰማ ያንብብ። ሥራው እንዲህ ነው የሚሠራው።