ሞራው እስኪበስል የተነበበልኝ

ሐኪሙ ዓይኖቼን በመብራት አየና «ሞራው ገና አልበሰለም፤ ሲበስል ይመጣሉ» ሲለኝ ሳቄ መጣ። በሰማንያዎቹ መጨረሻ አሠራሩ እንደዚያ ነበር፤ የዓይን ሞራ እስኪደድር ይጠበቅና ያኔ ይወጣል። ስንት ወር እንደሚፈጅ የሚነግርህ የለም። ሰውን በድምፁና በአካሄዱ እለያለሁ፣ በርና መስኮት አይጠፋኝም፣ ፊደል ግን ጨርሶ ጠፋኝ። ሥራዬ ደግሞ ቦሌ፣ አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ባለ አንድ የጭነት መጋዘን፣ ካርቶን ላይ የተጻፈውን ከሰነዱ ጋር ማመሳከር ነበር። የናይሮቢን ጭነት ጅዳ ልሰድ ለጥቂት ስተርፍ የሕመም ፈቃድ ተሰጠኝና ጉርድ ሾላ ቤቴ ተቀመጥኩ።

ፈቃዱን የፈረሙልኝ አለቃዬ ናቸው። በዕድሜ ስለሚበልጡኝ ጋሼ እላቸዋለሁ። ጠረጴዛቸው ላይ ከሰነድ ይልቅ መጽሐፍ ይበዛል። ያላነበበ ሰው አይጥማቸውም፤ እኔ ግን በጣም አከብራቸው ነበር። ያን ቀንም የተለመደ ወቀሳቸውን ጀመሩ።

«የዛሬ ወጣት የሚያነበው ለመዝናናት ብቻ ነው። ፍቅር ወይ ሽጉጥ ከሌለበት አይነካም። ጠንከር ያለ ነገር ስጠው፣ ሦስተኛው ገጽ ላይ እንቅልፉን ይለጥጣል።»

«የእኔ ልጅ እንደዚያ አይደለችም፣ ጋሼ» አልኩ።

እውነቱን ለመናገር ልጄ ምን እንደምታነብ አላውቅም ነበር። አሥራ አንደኛ ክፍል ናት፤ እጇ ላይ ሁልጊዜ በካላንደር ወረቀት የተለበጠ መጽሐፍ አይጠፋም። ሽፋኑን ገልጬ ምን እንደሆነ አይቼ አላውቅም። መጽሐፍ መያዟ ብቻ ያኮራኝ ነበር።

«እንግዲያው ይህን ታንብብልህ» ብለው ከመሳቢያቸው አንድ መጽሐፍ አውጥተው እጄ ላይ አስቀመጡልኝ። እንደ ጡብ ይከብዳል። «አንተም አላነበብከውም አይደል? እሷ ይህን ከጨረሰች እኔ ስለ ወጣቱ ሁለተኛ አፌን አልከፍትም።»

ታክሲ ውስጥ መጽሐፉን ታቅፌ ወደ ቤት ስመለስ ልጄን ለዩኒቨርሲቲ ፈተና የማቀርብ ያህል ነበር የተሰማኝ።

ልጄ አላቅማማችም። ከትምህርት ቤት ስትመለስ፣ አሥር ሰዓት ተኩል ግድም፣ መክሰሷን ትበላና መስኮቱ ሥር ትቀመጣለች። እኔ አልጋው ላይ ጋደም እላለሁ። መጽሐፉ የሁለት ወንድማማቾችን የወሰን ክርክር የሚተርክ ነው፤ ክርክሩ መቼ እንደሚጀመር ግን እንጃ። በመጀመሪያው ሳምንት ገና ወሰኑ ላይ ስላለው ድንጋይ ነበር የሚያወራው። ድንጋዩ በጠዋት፣ ድንጋዩ በቀትር፣ ድንጋዩን አያታቸው ሲያስቀምጡት። አንዱ ዓረፍተ ነገር ገጹን ሞልቶ ወደሚቀጥለው ይሻገራል፤ ልጄ ትንፋሽ እያጠራት ትከተለዋለች።

«ልብ በይ» እላታለሁ። «እያንዳንዱ ቃል ተመዝኖ ነው የተቀመጠው።» ይህን ካልኩ በኋላ ምን ያህል እንደምቆይ አላውቅም፤ ስነቃ ራት ቀርቧል።

በሦስተኛው ሳምንት፣ በእንቅልፍና በንቃት መሃል ሳለሁ፣ ታሪኩ ነፍስ ዘራ። ታናሽየው ወንድም ጠበቃ ፍለጋ ወደ ናዝሬት ሲሄድ አውቶቡሱ ውስጥ አንዲት ልብስ ሰፊ አጠገቡ ተቀመጠች። አንደበቷ ስለት ነው። የኮቱ ቁልፍ ሊወድቅ መሆኑን አይታ፣ ሳትጠይቀው፣ ከቦርሳዋ መርፌና ክር አውጥታ እዚያው ሰፋችለት። ክሩን በጥርሷ ለመበጠስ ስትጠጋ ትንፋሿ አንገቱን ነካው። እኔ አልጋው ላይ ተነስቼ ቁጭ አልኩ።

«ከዚያስ?»

ልጄ ወረቀት አንኮሻኮሸችና ማንበቧን ቀጠለች።

ከዚያን ቀን ወዲህ እንቅልፍ የሚባል ነገር በዚያ ሰዓት አልነካኝም። ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ጆሮዬ በሩ ላይ ነው። ያረፈደች እንደሆነ «ምን አስቀመጠሽ?» እላለሁ፤ መክሰሷን እንኳ ተረጋግታ እንድትበላ አልፈቅድላትም። ባለቤቴ ወደ ጎሮ በሚወስደው መንገድ ላይ ትንሽ ሱቅ ነበረቻት። በሕይወቷ መጽሐፍ ስትገልጥ አይቻት አላውቅም። እሷም ሱቁን ለጎረቤት አደራ እየሰጠች መጥታ መጋረጃው አጠገብ መቀመጥ ጀመረች። ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም። ትልቅ ሥነ ጽሑፍ ቤቴን ለወጠው ብዬ አመንኩ።

መምከርም አበዛሁ። «አያችሁ?» እላቸዋለሁ። «ጠንካራ መጽሐፍ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ይፈትንሃል፤ የታገሠ ብቻ እዚህ ይደርሳል። የፍቅር ልብወለድ ቢሆን ይህን ያህል ልብህ ውስጥ ይገባ ነበር?» ባለቤቴ ሳል ይይዛትና ትወጣለች። ልጄ ገጽ ትገልጣለች።

ለሰውየው ቤተሰቦቹ ሌላ ሴት እንዳጩለት ልብስ ሰፊዋ የሰማች ቀን፣ የጀመረችለትን ኮት ሳትተወው፣ እጅጌውን ጨርሳ፣ ተኩሳና አጥፋ ላከችለት። አለቀስኩ። ሞራ የያዘው ዓይንም ያነባል። ልጄ መሀረብ አቀበለችኝ፤ ድምፅዋ ግን ቅንጣት አልተናወጠም።

ትምህርት በተዘጋበት አንድ ዓርብ ከጁምዓ ሰላት መጥቼ ገና ጫማዬን ሳላወልቅ አለቃዬ ሊጠይቁኝ መጡ። ብርቱካን ይዘዋል። ጤናዬን ጠይቀው ሳይጨርሱ ወደ መጽሐፉ ወሰድኳቸው።

«ጋሼ፣ ዕዳ አለብዎት» አልኩ እየሳቅሁ። «ልጅቷ ልትጨርሰው ነው። እኔማ ልብስ ሰፊዋን ከእህቴ ለይቼ አላያትም።»

«የቷን ልብስ ሰፊ?»

ነገርኳቸው። አውቶቡሱን፣ ቁልፉን፣ ኮቱን፣ ሁሉን። ስናገር ማቋረጥ የሚወዱት ሰውዬ አንድ ጊዜም አላቋረጡኝም። ስጨርስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እኔ በሰጠሁህ መጽሐፍ ውስጥ ልብስ ሰፊ የለችም። ሴት ከተባለ እናታቸው ናቸው፤ እሳቸውም ታሪኩ ሳይጀመር ሞተዋል።»

የቀለዱ መስሎኝ ሳቅሁ። ብቻዬን ነበር የሳቅሁት። ተነስተው ወደ መስኮቱ ሲሄዱ ሰማሁ፤ መጽሐፉን ሲያነሱት ከመሀሉ አንድ ቀጭን ነገር ወለሉ ላይ ወደቀ። ጎንበስ ብለው አንስተው ገለጥ ገለጥ አደረጉት።

«ይችውልህ ሰፊዋ» አሉ። «ግን ስሟ ሌላ ነው። ሰውየውም መሬት የሚከራከር ሳይሆን የከባድ መኪና ሹፌር ነው። የኪዮስክ ማኅተም አለበት፤ የኪራይ መጽሐፍ ነው።»

ባለቤቴ «ሻይ ይጨመርልዎ?» አለቻቸው። ከአነጋገሯ እሷም ታውቅ እንደነበር ገባኝ። በገዛ ቤቴ፣ ሦስት ሰው ተቀምጦ በሚሰማው ንባብ፣ የሚነበበውን የማላውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

አለቃዬ ከት ብለው ሳቁ። «አላልኩህም?» አሉና ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። ያ መታ መታ ዛሬም ትከሻዬ ላይ አለ።

ከሄዱ በኋላ ልጄን ጠራኋት። በቁመቷ አወቅኋት፤ በሩ ላይ ቆማለች።

«ዕውር አባት ማታለል ደስ ይላል?» አልኩ።

«አባዬ፣ ወላሂ ላሾፍብህ አይደለም።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«ትተኛለህ። በየቀኑ። እኔ ስለ ድንጋዩ አነባለሁ፣ አንተ ታንኮራፋለህ። ሪያሊ በጣም ቦሪንግ ነው። አንድ ቀን ተኝተህ የራሴን መጽሐፍ ድምፄን አውጥቼ ማንበብ ጀመርኩ፤ ነቃህና ‹ከዚያስ?› አልከኝ። ምን ልበልህ?»

«መጽሐፉን ቀይሬዋለሁ ትያለሻ!»

«ደስ ብሎህ ነበራ» አለች። አሁን ድምፅዋ ተናወጠ። «ስሞቹን እየቀየርኩ ማንበብ ቀላል መሰለህ? ክፍል ውስጥ እየተዘጋጀሁ ነው የምመጣው።»

ይኸኛው ነው ይበልጥ ያቃጠለኝ። ብትዋሽ፣ ብታለቅስ፣ ሰነፍኩ ብትል ይሻለኝ ነበር። እሷ ግን ያጋለጠችው እኔን ነው። ስለ ወጣቱ ንባብ አፌን ሞልቼ የተከራከርኩ እኔ፣ ሦስተኛው ገጽ ላይ የምተኛው ራሴ ሆኜ ተገኘሁ። ተከድቻለሁ፤ የከዱኝ ደግሞ ለእኔ አዝነው ነው። እንዲህ ያለውን ክህደት በምን አፍ ትከሰዋለህ?

ስለዚህ ጮህኩ። «ዓይኔ ሁኚ ብዬ ነበር ያመንኩሽ። ከእንግዲህ አንዲት ፊደል እንዳታነቢልኝ!»

«እሺ» አለች።

ባለቤቴ በኋላ ልታበርደኝ ሞከረች። «ከታመምክ ጀምሮ ስትስቅ የሰማሁህ በዚያ ሰዓት ብቻ ነው፤ እንዴት አድርጌ ልንገርህ?» አለችኝ።

ሁለት ወር ያህል አሥር ሰዓት ተኩል እየመጣ ሄደ። ልጄ ትገባለች፣ ሰላም ትለኛለች፣ መክሰሷን ይዛ ጓዳ ትቀመጣለች። ሬዲዮ ከፍቼ ዜና እሰማለሁ፤ ያንኑ ዜና ማታም እሰማዋለሁ። በመጨረሻ ሞራው በሰለ። ወጣልኝ፤ የጠርሙስ ታች የሚያህል መነጽርም ተሰጠኝ። ከብዙ ወር በኋላ የልጄን ፊት ሳየው ከስቶ ነበር። ይህን አልነገርኳትም።

ሥራ የተመለስኩ ዕለት ገና በሩን ሳልፍ አንዱ ተሸካሚ «ልብስ ሰፊዋ ደህና ናት?» አለኝ። ከካርቶኖቹ ኋላ ሳቁ ተከተለ። ሚዛን ላይ የሚሠራው ልጅ ሸሚዙን እያሳየ «ቁልፌ ሊወድቅ ነው፣ አሰፋልኝ» አለ። አለቃዬ ለመጋዘኑ ሰው ሁሉ ተርከውታል። ቤቴ ገብተው፣ ሻዬን ጠጥተው፣ ልጄንና እኔን የሻይ ሰዓት መሳቂያ አደረጉን። ልጄን ተቆጥቼ ለሁለት ወር አኩርፌያታለሁ፤ እሷ ግን ምስጢሬን ከቤት አላወጣችም።

ቢሯቸው ገብቼ ስጠይቃቸው «አታካብድ፣ ለጨዋታ ነው» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ጋሼ ያልኳቸው ለአፌ ያህል ነው።

ያን ጡብ የሚያክል መጽሐፍ በእልህ ጀመርኩት። ስድሳኛው ገጽ ድረስ ተኝቼም፣ ነቅቼም፣ ወደ ኋላ እየተመለስኩም ደረስኩ። ድንጋዩ ጥሩ ድንጋይ ነው፤ አልክድም። አያትየው ድንጋዩን ሲያስቀምጡ ጎንበስ ብለው የሳሙበት ቦታ አለ፤ ሁለቴ አነበብኩት። ግን የወሰኑን ነገር እያነበብኩ የምጠብቀው አውቶቡሱን ነበር። መጽሐፉን ስመልስ አለቃዬ «ጨረስከው?» አሉኝ። «ጨረስኩት» አልኩ። በዚያ ዕድሜዬ፣ በአዲሱ መነጽሬ ዓይናቸውን እያየሁ ዋሸሁ።

በማግስቱ ከሥራ ስመለስ ጉርድ ሾላ መታጠፊያው ላይ ወዳለችው መጽሐፍ አከራይ ኪዮስክ ሄድኩ። ዙሪያዬን አየሁ፤ የሚያውቀኝ ሰው የለም።

«ልብስ ሰፊ ያለችበት መጽሐፍ ነበር» አልኩት ሰውየውን። «አውቶቡስ ውስጥ ቁልፍ የምትሰፋው።»

«የገጸ ባሕርይዋ ስም ማን ነው?»

አላውቅም። የማውቀው ልጄ ያወጣችላትን ስም ነው። ሰውየው የመጽሐፉን ርዕስ ጠየቀኝ፤ እሱንም አላውቅም። ሁለት ሦስት መጽሐፍ አውጥቶ አሳየኝ፤ በአንዱም ውስጥ አላገኘኋትም።

ስለዚህ ወደ ልጄ ሄድኩ። ቅዳሜ ነው፤ ግቢው ውስጥ ዩኒፎርሟን እያጠበች ነበር። አጠገቧ ዱካ ላይ ተቀመጥኩ፤ ከብዙ ጊዜ በኋላ አጠገቧ መቀመጤ ነው።

«ያቺ ልብስ ሰፊ» አልኩ፣ ፊቴን ወደ አጥሩ አዙሬ። «መጨረሻዋ ምን ሆነ?»

እጇ ሳሙናው ውስጥ ቆመ። «አላውቅም» አለች። «ሃያ ገጽ ያህል ነበር የቀረን። እንዳታነቢልኝ ስትለኝ መለስኩት።»

«ብቻሽን አትጨርሺውም ነበር?»

«አብረን ጀምረን? ትቼህ ልጨርሰው?»

ይቅርታ መጠየቅ ያለብኝ ያኔ ነበር። ቃሉ አፌ ላይ ደርሷል። የወጣው ግን ሌላ ነው፤ «እንግዲያው ተከራይተሽ አምጪውና ጨርሺልኝ» አልኳት፣ ልክ እንደ ድሮው፣ እንደማዝ።

ልጄ ሸሚዙን ጨምቃ አራገፈችው። «አሁን ዓይንህ ድኗል፣ አባዬ» አለችኝ፤ ከዚያ ወዲህ አንብባልኝ አታውቅም።