ረህማ ካልመጣች

ሲስተር ሸዋነሽ ሳታስፈቅድ በሽተኛ አትነካም። «እትዬ፣ አሁን በግራ ጎንዎ ላገላብጥዎት ነው፤ ካመመዎት ይንገሩኝ» ትላለች። ራሱን ለሳተ ሰውም ይህንኑ ትላለች። መጋረጃ ሳትስብ ልብስ አትገልጥም። ዲላ ሆስፒታል ውስጥ አብረናት የምንሠራ ነርሶች «ከግድግዳ ጋር ታወራለች» እያልን እንስቅባታለን፤ ሥራ ሲበዛብን ደግሞ እንናደድባታለን። እኔ ግን ብታመም የምመኘው የእሷን እጅ ነው።

ክረምት ላይ እትዬ ሩቂያ እኛ ጋ ተኙ። የጉበት ካንሰር ነው፤ ከእጅ ወጥቷል። ሐኪሙ እንደ ልማዳችን ለበሽተኛዋ ሳይሆን ለልጃቸው ለሱፍያን ነገረው። ሱፍያን ባለሱቅ ነው፤ ለእናቱ የሚሳሳ ልጅ። «ጨጓራ ነው» አላቸው። እኛም ጨጓራ ነው አልን።

እትዬ ሩቂያ ገደብ ከተማ የምትነግድ ታናሽ እህት አለቻቸው፤ ረህማ። በእናታቸው ለቅሶ ላይ በተነገረ አንድ ክፉ ቃል ተቀያይመው ለዓመታት አልተነጋገሩም።

አንድ ቀን ሸዋነሽ ጀርባቸውን ቅባት ስትቀባ «ልጄ፣ እድናለሁ?» አሏት።

«እርስዎ ምን ይመስልዎታል?» አለች። ማምለጧ አልነበረም፤ ምን ያህል ማወቅ እንደሚፈልጉ መለየት ነበረባት።

እትዬ ሩቂያ ፈገግ አሉ። «ቢብስብኝ ኖሮ ረህማን ይጠሯት ነበር። ረህማ ካልመጣች ገና ነኝ። ስድን እኔው ገደብ ሄጄ አፉ በይኝ እላታለሁ።»

ሸዋነሽ ክው አለች። ሱፍያንን ኮሪደር ላይ አገኘችው።

«አክስትህን ጥራ። ጊዜ የላቸውም።»

«ሲስተር፣ ረህማ በዚህ በር ስትገባ እናቴ ካየች መርዶዋን ሰማች ማለት እኮ ነው! በድንጋጤ ልትገድሏት ነው?»

«ሳይታረቁ ይሂዱ? እኔ አልዋሻቸውም። ማወቅ እፈልጋለሁ ካሉኝ እነግራቸዋለሁ።»

ሱፍያን እንባውን ጠርጎ ስልኩን ይዞ ወደ ግቢው ወጣ። ሲመለስ «ትመጣለች» አላት። ምን ብሎ እንደጠራት አልጠየቀችውም።

በማግስቱ ረህማ አልመጣችም። እትዬ ሩቂያም እድናለሁ ወይ ብለው ዳግም አልጠየቁም፤ በሩን አየት አድርገው ሾርባቸውን ቀመሱ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ራሳቸውን ሳቱ። ሸዋነሽ «እትዬ፣ ትራስዎን ላስተካክል ነው» ስትላቸው ቆየች። ቀትር ላይ አረፉ።

ረህማ ከሰዓት በኋላ ብርቱካን በፌስታል አንጠልጥላ ደረሰች። የሱፍያንን ለቅሶ ስትሰማ በሩ ላይ ተገትራ ቀረች።

«ትንሽ አሟታል፣ ሲመችሽ ብቅ በይ አላልከኝም? ገበያዬን ጨርሼ ነው እኮ የመጣሁት!»

«መንገድ ላይ እንዳትደነግጪ ብዬ ነው» አለ።

በጥፊ ባጮልኩት ደስ ባለኝ። ግን ሁላችንስ እንዲሁ አይደል የምንጠራራው? አንጀቴን በላው።

ረህማ ወደ ሸዋነሽ ዞረች። «ስሜን አንስታ ነበር?»

«አዎ። ስድን ሄጄ አፉ በይኝ እላታለሁ ብለው ነበር።»

«እሷ?» ፌስታሉ ከእጇ ወደቀ። «እሷ ምን አጠፋችና? ያን ቃል የተናገርኩት እኔ ነኝ!»

ሸዋነሽ ወንበር አምጥታ መጋረጃውን ሳበች። ከዚያም ወደ አልጋው ጎንበስ አለች።

«እትዬ ሩቂያ፣ ረህማ መጥታለች፤ አጠገብዎ ላስቀምጣት ነው።»

ያን ቀን ማናችንም አልሳቅንባትም።