ነጥቧና የሰርቦው ሚኒባስ

ከጅማ ወደ ሰርቦ በሚሄድ ሚኒባስ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጬ የስልክ ጌም እጫወታለሁ። ጌሙ አንዲት ነጥብ ብቻ ነው። ስክሪኑን እየነካችሁ ከሚመጡባት መስመሮች ታስመልጧታላችሁ፤ ዐይናችሁን ከነቀላችሁ አለቀላችሁ። እኔ እንግዲህ ገና ሳልጀምር ነው የምሞተው።

አጠገቤ የተቀመጡት ሐጂ «ሜ፣ እስቲ አምጣው!» ብለው ተቀበሉኝና ወዲያው ሞቱ። «አስተግፊሩላህ! ሰው ትንሽ እንኳን ሳይኖር?» አሉና ከፊታችን ላለችው ሴት አቀበሏት።

«ስዕል እንኳን የለውም፤ ሳያልቅ ነው እንዴ የሰጡህ?» አለችኝ እሷም ሞታ።

ከእሷ የተቀበለው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ «ውበቱ እኮ ባዶነቱ ነው» ብሎ ሲያስረዳን ሞተ።

ታክሲ ውስጥ ከኋላ የመጣ ነገር ሁሉ እንደ ሂሳብ ወደፊት ስለሚተላለፍ፣ ስልኬ ረዳቱንም አልፎ ጋቢና ገባ። እዚያ ግን ጭራሽ መሞት ቀረ። ተማሪው አንገቱን አስግጎ «አሁንም አለ! ሪከርዱን ሰበረው!» እያለ ያስተላልፍልናል። ሚኒባሱ ኩርባው ላይ ዘመም ሲል እንኳን ጭብጨባችንን አላቋረጥንም።

«ማሻ አላህ! ማነው ይሄ እጀ ፈጣን?» አሉ ሐጂ።

እኔም ለማየት ብድግ አልኩ።

«አትንጫጩ እንጂ፣ ትኩረት ይፈልጋል!» አለን ሹፌሩ፣ ዐይኑን ከስልኬ ሳይነቅል።