የዳኛው ድንጋይ

ያን ሐሙስ ሳስታውስ ዛሬም ያስፈራኛል። ሳቁብኝ፤ ግድ የለኝም። እኔ እታለም ጂንካ ላይ ሻይ ቤት ከፍቼ ስንቱን ሰካራም፣ ስንቱን ጉረኛ በፍልጥ ያባረርኩ ሴት ነኝ። ፈሪ የሚለኝ የለም። ያን ቀን ግን ፈርቻለሁ።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ። የምነግራችሁ ስለ መምህር ፈለቀ ነው። ከጎጃም ተመድቦ የመጣ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበር፤ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ። ለአንድ ዓመት ብሎ መጥቶ አሥራ ሁለት ዓመት ቆየ። ያቆየው ሚስት አይደለችም፣ ደመወዝም አይደለም፤ ፊሽካ ነው። የወረዳዎች የእግር ኳስ ውድድር በመጣ ቁጥር የሚያጫውተው እሱ ነበር። ያኔ የምንጫወተው በአውሮፕላን ማረፊያው ሣር ላይ ስለነበር የአውሮፕላን ድምፅ ሲሰማ ተጫዋቹም ከብቱም ተያይዞ ይወጣል። አንድ ጊዜ እንዲያ ሆኖ ጨዋታው አሥራ አንድ ደቂቃ ቆመ። መምህር በሰዓቱ ቆጥሮ አሥራ አንድ ደቂቃ ጨመረ፤ በአሥረኛው ላይ ጂንካ ጎል ገባባት።

ልብስ ሰፊው ቶላ፣ የጂንካ ደጋፊዎች አለቃ ነኝ ባዩ፣ ይህን አልረሳለትም። "አንተ ሰውዬ፣ ዘጠኝ ብትል ማን ይቆጥርብህ ነበር?" ይለዋል ሻዬን ፉት እያለ።

"እኔ እቆጥራለሁ" ይላል መምህር። በቃ፣ እንዲህ ያለ ሰው ነው።

በ1998 ዓ.ም. ጂንካና ቀይ አፈር ለፍጻሜ ደረሱ። ደንቡ ግልጽ ነው፤ ተጫዋች ለአንድ ወረዳ የሚሰለፈው ቢያንስ ዓመት እንደኖረበት ከቀበሌው ደብዳቤ ሲያመጣ ነው። ደንቡን በእጁ የጻፈው ራሱ መምህር ነበር። ቀይ አፈሮች ኤርጎ የሚባል አጥቂ ነበራቸው፤ ኳስ እግሩ ሥር ከገባች መውጫዋን አታውቅም። ያን ሰሞን ሻይ ቤቴ ምክር ቤት ሆነ።

"ልጁ ከሌላ ወረዳ የመጣ ነው" ይላል ቶላ። "ደብዳቤውን የጻፈለት ሊቀመንበር አጎቱ ነው አሉ።"

"ዘንድሮ ቀበሌ ሲያዋህዱ፣ ወረዳ ሲከፍሉ ማን የየት እንደሆነ ካድሬውም አያውቅ" ይላል ሌላው። "ድንበር ሲሰመር ከብት አይጠየቅም፤ ተጫዋችም አይጠየቅም።"

መምህር ጥግ ተቀምጦ ይሰማል። እኔም እሰማለሁ። እኔ ግን እነሱ የማያውቁትን አውቅ ነበር። እናቴ እንደ ቀይ አፈር ሰዎች በና ስለሆነች ቋንቋቸውን እችላለሁ፤ ሐሙስ ሐሙስ ቀይ አፈር ገበያ ወርጄ ቅቤና ማር እገዛለሁ። እዚያ የኤርጎ ቀበሌ ከጎረቤቱ ጋር እንደተዋሀደ፣ ማህተሙም እንደተቀየረ ሰምቻለሁ። ጂንካ እንድታሸንፍ ፈለግኩና ዝምታ ወርቅ ነው ብዬ ብርጭቆዬን አጠብኩ።

የፍጻሜው ዕለት መምህር ደብዳቤዎቹን ሲያይ የኤርጎ ላይ ያለው ማህተም ዓምና ከሚያውቀው ጋር አልገጠመለትም። ጠይቆ ማጣራት ሲችል፣ ያ ሁሉ ሕዝብ ቆሞ እየሰማ "ይህ ሐሰተኛ ማህተም ነው" አለ። ፖሊስ አጠገቡ ነበር፤ ልጁን ይዘውት ሄዱ። ጂንካ ሁለት ለአንድ አሸነፈች። በሦስተኛው ቀን ማህተሙ ትክክለኛ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ መጣና ኤርጎን ለቀቁት።

ከዚያ ወዲህ መምህር ሰው አልሆነም። ሾፌሮቹ ከቀይ አፈር ሲመለሱ ወሬ ያመጣሉ፤ "ያ ዳኛ በዚህ መንገድ ይለፍና እናሳየዋለን ይላሉ የኤርጎ ጓደኞች።" ከጂንካ የሚወጣው መንገድ ደግሞ በቀይ አፈር ነው የሚያልፈው። ቤቱን ከውስጥ ቆልፎ መዋል ጀመረ። በሦስተኛው ሳምንት ረቡዕ ሻይ ቤቴ መጣ።

"እታለም፣ ነገ ገበያ አብሬሽ ልውረድ" አለኝ። "ቋንቋውን አልችልም፤ አፍ ሁኚኝ።"

"አብደሃል? እነዚያ ልጆች ይገድሉሃል።"

"እፈራለሁ፤ በጣም እፈራለሁ። ግን ልጁን በሰው ፊት ነው ያዋረድኩት። እዚህ ተቆልፌ ይቅርታ ልልክለት ነው?"

እምቢ ልለው ነበር። የገዛ ዝምታዬ አፌን ያዘኝና እሺ አልኩ።

በማግስቱ አይሱዙ ላይ ተጫንን። ቀይ አፈር መግቢያ ላይ ወረድን። ልጆቹ ከገበያው ጀርባ ባለው ሜዳ ኳስ እየተለማመዱ ነበር። እኔ ነጠላዬን ሳስተካክል ዞር ብል መምህር ጎንበስ ብሎ ጉልቻ የሚያህል ድንጋይ ከመንገድ ዳር አነሳ። ማጅራቱ ላይ ጫነና በሁለት እጁ ይዞ ወደ ልጆቹ መራመድ ጀመረ።

እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። ልጆቹም አያውቁም። ያዩት የጠሉት ሰው ድንጋይ ይዞ ሲመጣባቸው ነው። ኳሷ ቆመች። አንዱ ጎንበስ ብሎ ድንጋይ አነሳ፤ ሌላውም አነሳ፤ ወዲያው እጁ ባዶ የሆነ ሰው ጠፋ። የፈሩት ይደርሳል እንዲሉ።

ሮጬ መሀል ገባሁና በበና ቋንቋ "አትወርውሩ! ሊመታችሁ አይደለም!" አልኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እርግጠኛ አልነበርኩም። ዞር ብዬ "ምን እያደረግክ ነው?" አልኩት።

"በእኛ አገር በዳይ ይቅርታ የሚጠይቀው ድንጋይ ተሸክሞ ነው።"

"ይህ እኮ አገርህ አይደለም! እነሱ በምን ያውቁልሃል?"

ፊቱ አመድ መሰለ። እሱም ያን ጊዜ ነው የገባው። ግን አላወረደውም፤ ቢያወርደው የወረወረ ይመስላል። የሚለውን ሁሉ አስተረጎምኩ፤ በደሉን ነው የተሸከመው፣ ይቅር እስክትሉት አያወርድም አልኳቸው። ኤርጎ ከመሀል ወጣ። እጁ ላይ ያለውን ድንጋይ አልጣለም።

"ሦስት ቀን ታስሬአለሁ። የእናቴ ጎረቤት ሁሉ አጭበርባሪ ብሎኛል" አለ። "ያላጫወተኝን ጨዋታ አንድ አጋማሽ ይሸከም። ከዚያ እናያለን።"

ወደ ጨዋታቸው ተመለሱ። መምህር ጎብጦ ቆመ። ሁለት ልጆች ድንጋያቸውን እንደያዙ አጠገቡ ተቀመጡ። ድንጋዩ ማጅራቱን ልጦት ደም በኮሌታው ወረደ፤ እግሮቹ ይብረከረካሉ። ቢወድቅና ድንጋዩ ወደ እነዚያ ልጆች ቢንከባለል ምን ይመጣል እያልኩ ዓይኔን ከእግሩ አልነቀልኩም። ወንጀሉ የእኔም ነው ብዬ ልናገር አሰብኩ። እጃቸው ላይ ያለውን ድንጋይ ሳይ ተውኩት።

በመጨረሻ ኤርጎ ድንጋዩን መልሶ ይዞ፣ ላቡን እየጠረገ መጣ። "ስንት ደቂቃ ሆነ በይው።"

መምህር ሰዓቱን ማየት አይችልም፤ እጁ ድንጋዩ ላይ ነው። "አርባ አምስት ይመስለኛል" አለ። "ይመስለኛል" ሲል የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

"ጭማሪስ አለው?"

መምህር እንደጎበጠ "እሱን አንተ ነህ የምታውቀው" አለ።

ተረጎምኩለት። ኤርጎ የራሱን ድንጋይ ጣለና የመምህርን በሁለት እጁ አንስቶ ተሸክሞ ሄደ፤ የጎሉ ቋሚዎች የተከመሩ ድንጋዮች ነበሩና ከአንደኛው ላይ ደረበው። "ፊሽካ ይዞ ከሆነ ሁለተኛውን አጋማሽ ያጫውተን በይው" አለ። ይዞ ነበር። አፉ ስለደረቀ ፊሽካው መጀመሪያ አልጮኸለትም።

መምህር በ2003 ወደ አገሩ ተዛወረ። በቀይ አፈር ሲያልፍ ኤርጎ መኪናውን አስቁሞ ማር ጭኖለታል። ድንጋዩ አሁንም እዚያው አለ። እኔም ሐሙስ ሐሙስ እወርዳለሁ፤ ቅቤ የምገዛው ከኤርጎ እናት ነው። ኤርጎ ባየኝ ቁጥር "ያን ቀን አንቺ ባትኖሪ ሰው ገድለን ነበር፣ እናቴ" እያለ ዕቃዬን እስከ መኪናው ይሸከምልኛል። ማህተሙን አውቅ እንደነበር እስከ ዛሬ አልነገርኩትም። እፈራለሁ።