ከባትሪ ድንጋይ የተሠራ ኩል

ሞርጂና በባንግላዴሽ ዋና ከተማ በዳካ ዳርቻ፣ ካምራንጊርቻር በሚባል ሰፈር ወንዝ ዳር፣ አሥራ አንድ ዓመት የባትሪ ድንጋይ ስትሰብር ኖራለች። ያለቀውን ድንጋይ በመዶሻ ትፈረክሳለች፤ የመሃሉን የከሰል ዘንግና የውጪውን ቆርቆሮ ለቁራሌው ትለያለች፤ ጥቁሩን ዱቄት ደጃፏ ትደፋለች። እጇ ቢታጠብ ቢታጠብ አይጠራም።

«አንቺ እኮ ስትሞቺም የምትታጠቢው በቤንዚን ነው» ትላታለች ጎረቤቷ ሱፊያ።

ሁለት ልጆች ቀብራ ሦስተኛዋን፣ ቱኒን ወለደች። የሰው ዓይን እንዳይበላት ፈርታ፣ ከኩራዝ ጥላሸት የሠራችውን ኩል በየጠዋቱ ከቅንድቧ በላይ ትነካታለች። ያለዚያ ጥቁር ነጥብ ሕፃን ከቤት አይወጣም።

አንድ ዓርብ እንግዳ ሊመጣ ሲል የኩሉ ዕቃ ባዶውን ተገኘ። ሞርጂና ደጃፏን አየች። ጥቁር ያው ጥቁር ነው፤ የሰው ዓይን ምኑን ይለያል? ከዱቄቱ ቆንጥራ በሰናፍጭ ዘይት ለወሰችና ነጥቡን አሳምራ አደረገችላት።

እንግዶቹ ሳይሄዱ ቱኒ ግንባሯን አሸት አድርጋ በዚያው እጇ ዓይኗን ነካች። ጩኸቷ ሰፈሩን አናወጠው። ግንባሯ ውኃ ቋጠረ፤ ግራ ዓይኗ አልገለጥ አለ።

«ዓይን በላት! በርበሬ አጭሺላት!» አለች ሱፊያ።

ሞርጂና ግን የራሷን እጅ አየችና ልጇን ታቅፋ ጤና ጣቢያ ሮጠች። ሰፈሩ «አፓ»፣ እትዬ እንደማለት፣ የሚላት ነርስ ዓይኑን በብዙ ውኃ እያጠበች ጠየቀቻት።

«ምንድን ነው የቀባሻት?»

«የባትሪ ድንጋይ ዱቄት።»

«ኧረ በአላህ! እሱ እኮ ሥጋ ያቃጥላል! ቤት ውስጥ ነው የምትሰብሪው?»

«ደጅ ነው እንጂ!»

«ልጅቷ የምትድኸውስ የት ነው?»

ሞርጂና ልጇን ወደ ደረቷ አስጠጋች። «ዓይኗ ይጠፋል፣ አፓ?» አለች።

«እስከ ሰኞ እናያለን።»

ሰኞ ዓይኑ ተገለጠ፤ የእናቷን ጣት ተከተለ። ግንባሯ ላይ ግን ጠባሳ ቀረ።

ከዚያ ወዲህ መዶሻው የምስማር መምቻ ሆነ። የደጃፏን አፈር ዝቃ በጆንያ ቋጠረች። ያለቀውን ድንጋይ ሳትሰብር፣ ጫፉን በፕላስተር ሸፍና፣ ክዳን ባለው ባልዲ ታጠራቅማለች፤ ነርሷ ላሳየቻት፣ ድንጋዩን ሳይሰበር ለሚረከብ ድርጅትም ትወስዳለች፤ ጆንያውንም እዚያው አስረከበች። ገቢው ስላነሰ ጠርሙስ መልቀም ጨመረችበት።

«አሁን ደግሞ ድንጋይ ፈራሽ? እንጀራሽን?» አለች ሱፊያ።

ሞርጂና የባልዲውን ክዳን ከፈተች። «ይልቅ የሪሞትሽን ያለቀ ድንጋይ አምጥተሽ እዚህ ጣይ።»

ሱፊያ እያጉረመረመች ሄደች። በማግስቱ አራት ይዛ መጣች።

ኩሉ ዛሬም ከኩራዝ ጥላሸት ይሠራል። ሞርጂና ነጥቡን የምታደርገው ግን ከጠባሳው ወዲያ፣ በሌላኛው ቅንድብ በኩል ነው፤ እሱንም እጇን ሁለቴ በሳሙና ታጥባ።