ያልዞረው ጠረጴዛ

ባለፈው ሰሞን መነጽር አደረግሁ። የመረመረኝ ሰው አንድ ዓይኔን በመዳፌ አስሸፍኖ ፊደል ሲያስቆጥረኝ ቆየና «ራስ ምታቱ ከጀመረሽ ቆየ?» አለኝ።

«ከልጅነቴ» አልሁት።

«አሁንስ ምን ሆንሽና? ልጅ አይደለሽ?» ብሎ ሳቀ። ሠላሳ ሊሞላኝ ነው፤ ለሱ ግን ልጅ ነኝ። ከዚያ ስለ ኮምፒውተር ይመክረኝ ጀመር። የመስኮት ብርሃን ስክሪኑ ላይ እንዳያርፍ፣ በየመሀሉ ቀና ብዬ ራቅ ያለ ነገር እንዳይ፣ ዓይኔ እንዳይደርቅ እንዳርገበግበው። «ጠረጴዛሽን አዙሪው፤ ግማሹ ሕመም ይለቅሻል» ሲለኝ እንባዬ መጣ። የምርመራው ብርሃን መስሎት ሶፍት አቀበለኝ።

ብርሃኑ አልነበረም። ይችን «ጠረጴዛውን አዙሩት» የምትል ቃል ገና ድሮ ጮኼ ተናግሬያት የሰማኝ አጥቻለሁ። ቢሰሙኝ ኖሮ አብራኝ ትሠራ የነበረችው ትርንጎ ከሥራዋ አትባረርም ነበር።

አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ፣ ነጥብ አልመጣልኝ ብሎ ቤት የተቀመጥሁበት ዓመት ነው። መቀመጥ አልችልበትም፤ እናቴ «እግርሽ ላይ ጉንዳን አለ እንዴ?» ትለኝ ነበር። ከአንድ ኮሌጅ በር ፊት ለፊት ካለች ጽሕፈት ቤት ተቀጠርሁ። ጽሕፈት ቤት ትባል እንጅ ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው ደጅ የሚቀርባት ክፍል ናት። አንድ ፎቶ ኮፒ፣ አንድ ማተሚያ፣ አንድ ኮምፒውተር። ስክሪኑ የመሥሪያ ቤት ውራጅ ነው፤ ጀርባው እንደ እህል ጆንያ የተወጠረ፣ ሲበራ ንፋስ እንደነካው ኩራዝ የሚንቀጠቀጥ።

ባለቤቱ ጋሽ መኳንንት ስክሪኑን ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙረው አስቀምጠውታል። እኛ ጀርባችንን ለመስኮቱ ሰጥተን እንሠራለን። ለምን ቢባል፣ ተማሪው የመመረቂያ ጽሑፉን ይዞ ውጭ ሲሰለፍ የማን ወረቀት እየተመታ እንደሆነ በመስኮቱ ማየት አለበት። «ደንበኛ በዓይኑ ካላየ ወረፋዬን በሉት ይላል» ይሉ ነበር። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ከትከሻዬ ኋላ የሰው ትንፋሽ አለ፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ፀሐይ አለ። የግንቦት ፀሐይ ዘንበል ሲል በመስኮቱ ገብቶ ስክሪኑ ላይ ይፈሳል። ፊደሉ ይጠፋል። የማየው የራሴን ጭንቅላትና የተሰለፉትን ተማሪዎች ጥላ ነው። ከነሱ ጥላ ስር ፊደል ስለቅም እውላለሁ።

ሥራው የጥንድ ነው። አንዷ የተማሪውን የእጅ ጽሑፍ እያነበበች ትጠራለች፣ አንዷ ትመታለች። ጠሪዋ ትርንጎ ነበረች። ስደክም እንቀያየራለን።

ትርንጎ ከከተማው ወጣ ብላ ያለችው የወለቃ ልጅ ናት። እናቷ ከመንገዱ ዳር ሸክላ እየሠራች ትሸጣለች፤ ልጅቱም ጭቃ ስታቦካ ነው ያደገችው። ኮምፒውተር ያስተማራት የለም። ሰው ሲሠራ ቆማ አይታ፣ ለመጥረግ ተቀጥራ፣ ጋሽ መኳንንት ምሳ ሲወጡ እየነካካች ነው የለመደችው። ጣቷ ከኔ ይፈጥን ነበር። «እኔ ወደ ጭቃው አልመለስም» ትለኛለች። «እናቴ ዛሬ ጣቷን መዘርጋት አቅቷታል። እኔ ጣቴን ለፊደል ነው የማስረጀው።» ይችን ስትናገር አትስቅም። በሌላው ነገር ሁሉ ትስቃለች። የአንዱን ተማሪ ጽሑፍ ስትጠራልኝ በመሀል «እዚህ ላይ እንቅልፍ ይዞታል መሰል፤ ዶሮ የጫረችው ይመስላል» ትልና ደጅ የቆመው ባለ ጽሑፍ «ሰማሁሽ እኮ!» ይላል። «ብትሰማስ? ና አንብበው!» ትለዋለች። እሱም ገብቶ ማንበብ ያቅተዋል።

ራስ ምታቱ የጀመረኝ በዚያ ግንቦት ነው። መጀመሪያ ዓይኔ አሸዋ የገባበት ያህል ይቆረቁረኛል፤ ከዚያ ከቅንድቤ በላይ ይይዘኛል፤ ማታ ቤት ስገባ አምፖሉን አጥፉልኝ እላለሁ። እናቴ ዳማ ከሴ አሽታ አሸተተችኝ። አልለቀቀኝም። አንድ ቀን ምሳዬን ይዛ መጣች። እንጀራ በሽሮ ፈትፍታ፣ በሳህን ከድና። ትርንጎ ከጎኔ ተጠግታ እየጠራችልኝ ነው፤ መስመሩ ትክክል መውረዱን ለማየት ፊቷን ወደኔ ዞር ታደርጋለች። እናቴ ቆማ አየቻት።

«አንች ልጅ፣ አገርሽ የት ነው?»

«ወለቃ ነኝ፣ እማማ።»

«ወለቃ የማን ልጅ?»

«ከመንገዱ ዳር ነን። እናቴ ሸክላ ትሠራለች።»

እናቴ ከፍታው የነበረውን ሳህን መልሳ ከደነችው። በላዩ የነጠላዋን ጫፍ ጣለችበት። በኛ አገር ሸክላ ሠሪ ሲባል ቡዳ ነው የሚል አፍ ሞልቷል፤ የተሸፈነው ሳህን ምን ማለት እንደሆነ ሕፃንም ያውቃል። ትርንጎ አወቀች። ያቋረጠችበትን መስመር በጣቷ ፈልጋ «አራት ነጥብ፣ አዲስ አንቀጽ» ብላ ንባቧን ቀጠለች።

በማግስቱ ሱባኤ ተባለ። ጎህ ሳይቀድ የቁስቋምን ዳገት እየወጣን፣ ጸበሉን እየተጠመቅሁ፣ ከሰዓት ድረስ እየጾምሁ፣ ቀኑን ቤት ተኝቼ ሰነበትሁ። ውሃው አጥንት ይሰብራል። ሲመለሱ ግን የዳገቱ ንፋስ፣ የባሕር ዛፉ ሽታ፣ ታች ከተማው ጭስ ለብሶ ሲነቃ ማየት፤ ዓይኔ ከዚያ በፊት እንደዚያ ርቆ ያየበት ጊዜ አልነበረም። ራስ ምታቱ ለቀቀኝ። እናቴ እልል አለች። ሥራ የገባሁ ዕለት፣ ፀሐዩ መስኮቱ ላይ ሲደርስ፣ መልሶ ያዘኝ።

«አየሽ?» አለችኝ እናቴ። «ጸበሉ አድኖሽ ነበር። ማን መልሶ ያዘሽ? ከጎንሽ ማን አለ?»

«ከፊቴ ስክሪን አለ፣ እማ። ከኋላዬ ፀሐይ አለ።»

«ፀሐይማ ለሁሉም ይወጣል። ምነው ሌላውን አልበላ?»

ነገሩ በሷ ሚዛን የጎደለው የለም። ከሥራ ስርቅ እድናለሁ፣ ስመለስ እታመማለሁ። እኔ ስክሪኑን አየሁ፤ እሷ ልጅቱን አየች።

እኔም ዝም አላልሁም። የፎቶ ኮፒ ወረቀት የሚመጣበትን ካርቶን ቀድጄ መስኮቱ ላይ ለጠፍሁት። ያን ዕለት ከሰዓት ራሴን ሳያመኝ ዋልሁ። ትርንጎም ቀልዷ በዛ። ጋሽ መኳንንት ሲመጡ ካርቶኑን ገነጠሉት።

«ቤቱን ዘግተሽብኝ ነው? ሰው የተዘጋ መስሎት ያልፋል!»

«እንግዲያው ጠረጴዛውን እናዙረው፣ ጋሼ። እኔና ትርንጎ እናነሳዋለን፤ እርስዎ አይንኩት።»

«ደንበኛ ምኑን ያያል?»

«የኔን ፊት ይይ!»

«ያንችን ፊት አይቶ ምን ይጠቅመዋል?» አሉና ወጡ። ደጅ የተሰለፉት ሳቁ።

በዚያው ሳምንት እናቴ ሳትነግረኝ ሄዳ ጋሽ መኳንንትን አነጋገረቻቸው። ያንን ያወቅሁት ጠዋት ስገባ ትርንጎ መሳቢያዋን ስታራግፍ ሳገኛት ነው። እሳቸው በሩ ላይ ቆመው ቁልፋቸውን ያሽከረክራሉ።

«ምን ተደረገ?» አልሁ።

«ሥራ ቀዝቅዟል» አሉ። ደጅ ወረፋው እስከ አስፋልቱ ደርሷል።

«ጋሼ፣ እርስዎ በቡዳ ያምናሉ?»

«እኔ? እኔ የተማርሁ ሰው ነኝ። የሚያምን ደንበኛ ግን አለኝ። እናትሽ ገበያ ለገበያ ብታወራው ማን ይመጣልኛል?»

«ጠረጴዛ ማዞር ከብዶዎት ሰው አባረሩ?»

«ላንችም መንገዱ ያው ነው» አሉኝ በሩን እያሳዩ።

ትርንጎ ከመሳቢያዋ ያወጣችውን በፌስታል እየከተተች ነበር። የደረቀ የዳማ ከሴ ቅጠል አየሁ። ከስሩ የራስ ምታት ክኒን፣ ተበልቶ ያለቀ፣ ማሸጊያው ብቻ።

«የማን ነው?»

«አንች ብቻ ነሽ ራስ ያለሽ?»

«ያምሽ ነበር? ምነው ሳትነግሪኝ?»

ፌስታሉን ቋጠረች። «አንችን ሲያምሽ እኔ በላሁሽ። እኔን ሲያመኝ ማን በላኝ ልበል? ራሴን በላሁት?» አለችና ሳቀች። በሌላው ነገር ሁሉ እንደምትስቀው ሳቀች። ከዚያ በተሰለፉት ተማሪዎች መሀል ወጣች። መንገድ ለቀቁላት፤ በጣም ሰፊ መንገድ ለቀቁላት። ወሬው ቀድሟታል።

ከሷ በኋላ ብቻዬን አነበብሁ፣ ብቻዬን መታሁ። ራስ ምታቱ ባሰ። ለእናቴ «ይኸው ሄደች፤ ታዲያ አሁንስ?» ብላት «ስትሄድ ጥላዋን ጥላብሽ ነው» አለችኝ። ተውሁት፤ ሥራውንም ተውሁት። ጠረጴዛው እዚያው ቀረ። ኋላ ጋሽ መኳንንት ቤቱን ሲሸጡ የገዛው ሞባይል ጠጋኝ ልጅ መጀመሪያ ያደረገው ነገር ጠረጴዛውን ማዞር ነው አሉ።

ትርንጎን አንድ ጊዜ አይቻታለሁ። ወደ ዳባት ለለቅሶ ስንሄድ ወለቃ ስንደርስ ማኪናው ከፊቱ በግ ገብቶበት ቀስ አለ። ከመንገዱ ዳር ሸክላዋን ደርድራ ተቀምጣለች። መቀመጫዋን አስተውዬ አየሁ። ጀርባዋን ለፀሐዩ ሰጥታለች፤ ፊቷ ጥላ ላይ ነው። እጆቿ እስከ ክርናቸው ጭቃ ነበሩ። ስሟን ጠራሁ፤ መስኮቱ አልከፈት አለኝ። ማኪናው ሄደ።

አሁን የምሠራው ከአንድ የግል ክሊኒክ ካርድ ክፍል ነው። ስክሪኑ ስስ ነው፣ አይንቀጠቀጥም፤ መስኮቱ ግን ያው ከኋላዬ ነው። መነጽሩን አድርጌ ቤት የገባሁ ዕለት እናቴ አገጬን ይዛ ወደ ብርሃኑ አዞረችኝ።

«ሸጋ ነው። ግን ይኸ ሁሉ ያች ልጅ ያስቀረችብሽ ነው።»

«እማ፣ የዓይን ሐኪሙ ስክሪን ነው ብሏል። አሁን ከምሠራበት ቤት ወለቃን የረገጠ አንድም ሰው የለም። ታዲያ ማን በላኝ?»

እጇን ከአገጬ አወረደች። እውነቴን ነው፣ ለአንድ አፍታ ገብቷት መሰለኝ። ከንፈሯን ነክሳ ወለሉን አየች።

«እንግዲህ ሌላ አለች ማለት ነዋ» አለች። ጠጋ ብላም፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ከጎንሽ የምትቀመጠው ማን ናት?» አለችኝ።

ከጎኔ የምትቀመጥ ልጅ አለች። ሳቂታ ናት፤ ቆሎዋን ከኔ ጋር ትካፈላለች፤ አገሯንም አውቃለሁ።

«ማንም የለም» አልኋት። «ግድግዳ ነው።»