አዲሱ ጌም ውስጥ አጎቴ ምን ይሠራል?

ዛሬ አጎቴን ለአንድ የስፔን ክለብ ተጠባባቂ ሆኖ አገኘሁት። አጎቴ ዳንግላ ጋሪ የሚነዳ ራሰ በራ ሰው ነው። ኳስ ነክቶ አያውቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እዚህ ቆሰበር እኔ ፕሌይስቴሽን ሁለት የምጫወትበት ጌም ቤት ፊት ለፊት ሌላ ተከፈተና ፕሌይስቴሽን ሦስት አስገባ። ልጁ ሁሉ ወደዚያ ጎረፈ።

የእኛው ቤት ባለቤት ጋሽ ይርሳው በነጋታው «የዘንድሮው አዲሱ የኳስ ጌም ገብቷል!» ብለው በሩ ላይ ለጠፉ።

በአንድ ቀን ከየት መጣ? ጠረጠርኩ። ግን «ፕሌይስቴሽን ሁለትን የሚያክል የለም» እያልኩ ስከራከር የኖርኩ ሰው ነኝና ገባሁ።

ማሊያው አዲስ ነው። ሜዳው ያው ነው። ኮሜንታተሩም የአምናውን ወሬ ያወራል። ቢሆንም ተጫወትኩ።

ተጫዋች ልቀይር ተጠባባቂዎቹን ስከፍት አጎቴ ከነስሙ፣ ከነራሰ በራው ቁጭ ብሏል! አምና ክረምት ዝናብ ሲያግተኝ እዚሁ ቤት ራሴ የፈጠርኩት ተጫዋች ነው። ጋሼ የአምናውን ጌም ማሊያ ብቻ ሲያድሱ እሱን ማጥፋት ረስተዋል።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ አጎቴ ነው» አልኳቸው።

ጠጋ ብለው አዩትና ፊታቸው እንኳ ሳይለወጥ፣ «ታዲያ ምን ያነጫንጭሃል? ኮንትራቱን አራዝመውለት ይሆናላ!» አሉኝ።

ምን ላድርግ፣ አስገባሁት። በጭንቅላት ጎል አገባ።

አሁን ፊት ለፊት ያለውንም ፕሌይስቴሽን ሦስት መጠርጠር ጀምሬያለሁ። እስቲ ንገሩኝ፣ እናንተ ሰፈር «አዲስ» በተባለው ጌም ውስጥ የማን ዘመድ ተገኘ?